ራውንድ አልተሳሳተም፦ ስለ ማክሮና ስለ አስርዮሽ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የኤክሴል ማክሮ፣ ማለትም ኤክሴል ውስጥ ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም፣ አስርዮሽ ቁጥሮችን በትክክል ማጠጋጋት አይችልም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጸሐፊው የገጠማቸውን በቅንነት ነው የገለጹት፤ በሴል ውስጥ በቀመር ያጠጋጉት ቁጥርና ያንኑ ቁጥር በማክሮ ያጠጋጉት አልገጥም ብሏቸዋል። ከዚህ ተነስተው ስድስት ነገር ይላሉ። ማክሮ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በቪቢኤ፣ ቁጥር የሚያጠጋጋው ራውንድ የተበላሸ ፈንክሽን ነው። በእርሱ ፋንታ ግማሽ ደምሮ ቀሪውን ሙሉ ቁጥሩን ብቻ በሚያስቀረው ኢንት በተባለ ፈንክሽን መቁረጥ ሁልጊዜ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። አስርዮሽ ቁጥር በተለምዶ የሚቀመጥበት ደብል የተባለው የቁጥር ዓይነት 15 አኃዝ ያህል ስለሚይዝ ከዚያ በታች ያለው ስህተት ለተግባር ሥራ ከቁጥር አይገባም። ሴሉ ሁለት የአስርዮሽ ቤት ብቻ እንዲያሳይ ከተደረገ ችግሩ ያበቃል። ከረንሲ የተባለው የቁጥር ዓይነት ሁሉንም ይፈታል። በመጨረሻም፣ በየደረጃው ማጠጋጋት ስህተት እንዳይጠራቀም ያደርጋል።

ያዩት ችግር እውነተኛ ነው። ያዘዙት መድኃኒት ግን አብዛኛው ችግሩን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያድነውም። እንዲህ ዓይነት ምክር የሚያነቡት ደግሞ የሰው ደመወዝ፣ የሰው ዕዳና የሰው የፈተና ውጤት የሚያሰሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የማክሮው ራውንድ 2.5 ሲሰጠው 2 ይመልሳል፤ 3.5 ሲሰጠው ደግሞ 4። የሴሉ ራውንድ ለ2.5 የሚመልሰው 3 ነው። ጸሐፊው ይህን አይተው «ተበላሽቷል» ከሚል ድምዳሜ ደረሱ። ሁለቱ ፈንክሽኖች ግን ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ደንባቸው ለየቅል ነው። ልዩነቱም የሚወጣው ቁጥሩ ልክ መሃል ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው፤ 2.4 ቢሆን ወይም 2.6 ሁለቱም አንድ መልስ ይሰጣሉ። መሃል ላይ ሲደርሱ የሴሉ ራውንድ ከዜሮ ወደሚርቀው አቅጣጫ ይሄዳል፤ 2.5 ወደ 3፣ -2.5 ደግሞ ወደ -3። የማክሮው ራውንድ ቅርብ ወዳለው ተጋማሽ ቁጥር ይሄዳል። ብዙ ሰው የባንክ ማጠጋጋት የሚለው ይህንን ነው።

ይህ ደንብ ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም። 0.5፣ 1.5፣ 2.5 እና 3.5 ሲደመሩ 8 ይሆናሉ። እያንዳንዱን ወደ ላይ አጠጋግተን ብንደምር 1፣ 2፣ 3 እና 4 ሆነው 10 ይመጣል። ወደ ተጋማሽ ብናጠጋጋ 0፣ 2፣ 2 እና 4 ሆነው ድምራቸው እንደገና 8 ነው። መሃል ላይ ያለውን ሁሉ ወደ አንድ ወገን መግፋት በረጅም ዝርዝር ላይ ድምሩን ወደዚያው ወገን ይጎትተዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውና ዛሬ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች አስርዮሽ ቁጥሮችን በተንሳፋፊ ነጥብ ዘዴ ሲያሰሉ የሚከተሉት አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለው ደረጃም ያለ ልዩ ትእዛዝ የሚሠራበት ይህንኑ ወደ ተጋማሽ የመሄድ ደንብ ነው።

ይህን ስል ግን የባንክ ማጠጋጋት ለሁሉም ሥራ ይበጃል ማለቴ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የደመወዝ ማክሮ ጽፌ ነበር። የትርፍ ሰዓቱን የሚይዘውን ተለዋዋጭ ዓይነቱ ሎንግ ነው ብዬ አወጅኩ፤ ሎንግ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ዓይነት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሠራ ሰው 2.5 ተብሎ ሲገባ ቪቢኤ ምንም ሳያሳውቅ 2 አደረገው። ሦስት ሰዓት ተኩል የሠራው 4 ሆነለት። አንዱ ግማሽ ሰዓት አጣ፤ ሌላው ግማሽ ሰዓት ተጨመረለት። ድምሩ ከመዝገቡ ጋር ተቀራርቦ ስለሚወጣ ለወራት ማንም አልጠረጠረም። ነገሩ የታወቀው አንዲት ሠራተኛ የራሷን ሰዓት በእጅ ጽፋ ይዛ ስለመጣች ነው። ያን ቀን የተማርኩት ነገር ይህ ነው፤ ወደ ተጋማሽ መሄድ ለድምር ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ግን ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል። የትኛው ደንብ ይሁን የሚለውን መወሰን ያለበት ሥራውን የሚያውቀው ሰው ነው። እኔ አልወሰንኩም ነበር፤ ስለዚህ ሎንግ ወሰነልኝ።

ጸሐፊው ራውንድን ብቻ መክሰሳቸው ሌላም ጉዳት አለው፤ አንባቢው ራውንድ የሚል ቃል ማክሮው ውስጥ ከሌለ ማጠጋጋትም የለም ብሎ ያምናል። ማጠጋጋት ግን በብዙ በር ይገባል። ሲኢንትና ሲሎንግ የተባሉት ወደ ሙሉ ቁጥር ቀያሪዎች ወደ ተጋማሽ ያጠጋጋሉ። አስርዮሽን ኢንቲጀር ወይም ሎንግ ውስጥ ማስቀመጥም እንደዚያው ነው። ወደ ኋላ የተጋደመው የማካፈያ ምልክት ደግሞ ከማካፈሉ በፊት ሁለቱንም ቁጥሮች ያጠጋጋል፦ 7.5 በዚህ ምልክት ለ2 ሲካፈል 7.5 አስቀድሞ 8 ሆኖ መልሱ 4 ይመጣል። 7.5ን ለ2 በተራው ምልክት አካፍሎ በኢንት ለሚቆርጥ ግን 3 ነው። ቀሪ የሚያሰላው ሞድም እንዲሁ፤ በማክሮ 5.5 ሞድ 2 ዜሮ ይሰጣል፣ በሴል ያለው የሞድ ቀመር ግን 1.5። በአንጻሩ ፎርማት የተባለው ፈንክሽን 2.5ን ያለ አስርዮሽ እንዲጽፍ ሲታዘዝ 3 ብሎ ይጽፋል። አንድ ማክሮ ውስጥ ሲኢንት ለስሌቱ፣ ፎርማት ለኅትመቱ ከዋለ፣ የታተመው ቁጥርና የተሰላው ቁጥር በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ይጣላሉ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ጸሐፊው የሚመክሩት ዘዴ የታወቀ ነው፤ ቁጥሩን በ100 አባዝቶ ግማሽ መጨመር፣ በኢንት መቁረጥ፣ መልሶ ለ100 ማካፈል። ሁልጊዜ ይሠራል ማለታቸው ግን ስህተት ነው። 1.005ን ውሰዱ። ወደ ሁለት ቤት ሲጠጋጋ 1.01 ይጠበቃል። በደብል የሚቀመጠው 1.005 ግን በእርግጥ 1.00499999999999989 ገደማ ነው። በ100 ሲባዛ ከ100.5 በጥቂቱ ያንሳል፤ ግማሽ ሲጨመርበት 101 አይደርስም፤ ኢንት 100 ያደርገዋል። መልሱ 1.00 ሆኖ ቁጭ ይላል። የሴሉ ራውንድ ይህንኑ ቁጥር 1.01 ያደርገዋል፤ ማለትም ጸሐፊው ከሴሉ ጋር ሊያስታርቁት የፈለጉት ማክሮ እንደገና ከሴሉ ተለየ።

ኔጋቲቭ ቁጥር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኢንት ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ለ-2.3 የሚመልሰው -3 ነው። በዚህ ዘዴ 2.5 ወደ 3 ሲጠጋጋ -2.5 ግን ግማሽ ተጨምሮበት -2 ይሆናል። አንድ ክፍያ ተመዝግቦ በኋላ ሙሉ በሙሉ ቢሰረዝ፣ ሦስት ገብቶ ሁለት ይወጣል፤ መዝገቡ ላይ ማንም የማያውቀው 1 ይቀራል። ለኔጋቲቭ ቁጥር ምልክቱን ለይቶ በፍጹም ዋጋው ላይ መሥራትና ምልክቱን መልሶ መስጠት ያስፈልጋል።

የሴሉን ደንብ በማክሮ ውስጥ ለሚፈልግ ቀላሉ መንገድ የሴሉን ራውንድ ራሱን መጥራት ነው። ወርክሺትፈንክሽን ብሎ፣ ነጥብ አድርጎ፣ ራውንድ ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከነጥቡ በስተግራ ያሉ አኃዞችንም ማጠጋጋት ይችላል፤ 1250ን ወደ መቶ ቤት ሲያጠጋጋ 1300 ይሰጣል። የቪቢኤው ራውንድ ለዚህ የሚያስፈልገውን ኔጋቲቭ የቤት ብዛት አይቀበልም፣ ስህተት ብሎ ይቆማል።

እዚህ ላይ በጎግል ሺትስ ለሚሠሩም አንድ ነገር ላክል። የዚያ ማክሮ የሚጻፈው በጃቫስክሪፕት ነው። የጃቫስክሪፕት ራውንድ መሃል ላይ ያለውን ወደ ሚበልጠው ቁጥር ይወስዳል፤ 2.5 ወደ 3፣ -3.5 ግን ወደ -3። የኤክሴል ሴልም ሆነ ቪቢኤ -3.5ን -4 ያደርጉታል። ማክሮውን ከአንዱ ወደ ሌላው ቃል በቃል የሚገለብጥ ሰው ሳያውቅ ደንብ ቀይሯል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የደብል ስህተት ከቁጥር አይገባም የሚለው፣ ከሁሉም የበለጠ የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። መጠኑ በእርግጥ እጅግ ትንሽ ነው። ችግሩ ግን ትንሽ ስህተት አንዳንድ ቦታ ትልቅ ውሳኔ መቀየሩ ነው።

ኮምፒውተሩ ቁጥሩን የሚይዘው በሁለትዮሽ ነው። አንድ ክፍልፋይ እስከ መጨረሻው ተቃሎ ታህቱ የ2 ርቢ ብቻ ከሆነ፣ እንደ ግማሽና ሩብ፣ በልኩ ይቀመጣል። አንድ አሥረኛ ግን ታህቱ 10 ነው፤ 10 ውስጥ 5 አለ፤ 5 ደግሞ ከ2 አይወጣም። በአስርዮሽ አንድ ሦስተኛ 0.333 እያለ እንደማያልቅ ሁሉ በሁለትዮሽ 0.1 አያልቅም። ከ0.00 እስከ 0.99 ባሉት አንድ መቶ ባለ ሁለት ቤት ቁጥሮች ውስጥ በልካቸው የሚቀመጡት አራት ብቻ ናቸው፦ 0፣ 0.25፣ 0.50 እና 0.75። የቀሩት 96 በሙሉ ግምት ናቸው። ገንዘብ በሁለት ቤት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከእነዚህ ግምቶች ጋር እየሠራ ነው።

አሁን 0.29ን በ100 አባዙ። 29 ይጠበቃል። ደብል የሚሰጠው 28.999999999999996 ነው። ሴሉ 29 ብሎ ያሳየዋል። ማክሮው ኢንት ካለው ግን 28 ነው። ስህተቱ የነበረው ከአሥራ አራተኛው የአስርዮሽ ቤት በኋላ ነበር፤ በአንድ ኢንት አንድ ሙሉ ሆነ። ይህ ነው ከቁጥር አይገባም የተባለው።

ወይም በ0.1 እየጨመረ ከ0 እስከ 0.3 የሚሄድ የፎር ድግግሞሽ ጻፉ። አራት ጊዜ ይዞራል ብለን እንጠብቃለን፤ ሦስት ጊዜ ዞሮ ይቆማል። ሦስተኛው ጭማሪ 0.30000000000000004 ላይ ስለሚያደርሰው 0.3ን አልፏል ተብሎ የመጨረሻው ረድፍ ሳይሠራ ይቀራል። ከ0 እስከ 1 ግን ያው ድግግሞሽ የተጠበቀውን 11 ጊዜ ይዞራል፤ አሥሩ ጭማሪ 0.9999999999999999 ላይ ስለሚያደርሰው ከ1 አያልፍም። አንዴ ሠርቶ አንዴ የማይሠራ ማክሮ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሞከረው ሰው በሠራው አይቶ ያምነዋል። መፍትሔው ድግግሞሹን በሙሉ ቁጥር መቁጠርና በውስጡ ለ10 ማካፈል ነው።

ጸሐፊው ሴሉ ትክክል ማክሮው ስህተት የመሰላቸውም እዚህ ጋ ይመስለኛል። ኤክሴል ሴል ላይ ይሉኝታ አለው፤ ከ15 አኃዝ በላይ አያሳይም፣ የመጨረሻው መቀነስ ለዜሮ እጅግ የቀረበ ውጤት ሲሰጥም ዜሮ ያደርገዋል። 0.5 ሲቀነስ 0.4 ሲቀነስ 0.1 ብላችሁ ሴል ውስጥ ብትጽፉ 0 ታያላችሁ። ይህንኑ በቅንፍ ውስጥ አድርጋችሁ በ1 ብታባዙት ግን -2.78 ሲባዛ በ10 ርቢ -17 ብቅ ይላል። ማክሮው ይህ ይሉኝታ የለውም፤ ያለውን እንዳለ ይናገራል። ስለዚህ ማክሮ ውስጥ 0.1 ሲደመር 0.2 ከ0.3 ጋር እኩል ነው ወይ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሐሰት ነው። ሂሳቡ ተዘግቷል ወይ የሚለውን ጥያቄ ቀሪው ከዜሮ ጋር እኩል ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማክሮ የተዘጋውን ሂሳብ እንዳልተዘጋ ይቆጥረዋል። መጠየቅ ያለበት የቀሪው ፍጹም ዋጋ ከግማሽ ሳንቲም ያንሳል ወይ ብሎ ነው። ሲንግል የተባለው ዓይነት ደግሞ 7 አኃዝ ያህል ብቻ ስለሚይዝ ጭራሽ አይመከርም፤ 0.1 የያዘ ሲንግል ወደ ሴል ሲጻፍ 0.100000001490116 ሆኖ ይወጣል።

አራተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። ሴሉ የሚያሳየውና ሴሉ የያዘው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኤክሴል 850 በ77.1 ሲባዛ 65,535 ማሳየት ሲገባው 100,000 ያሳይ ነበር፤ ሴሉ የያዘው ቁጥር ግን ትክክል ነበር፣ የተሳሳተው ማሳያው ነው። የአስርዮሽ ቤት መቀነስም ማሳያውን ብቻ ነው የሚነካው። 0.004 ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሁለት ቤት ብቻ ከታየ፣ አንባቢው ሦስት 0.00 እና ድምር 0.01 ያያል። ጸሐፊው በተጨማሪ የሚያነሱት በሚታየው ልክ አስላ የሚለው የኤክሴል ምርጫ ደግሞ ማሳያውን ሳይሆን ዳታውን ይቆርጣል፤ የኤክሴል ፋይሉን በሙሉ ይነካል፣ የተቆረጠው አኃዝም ምርጫው ቢነሳ ተመልሶ አይመጣም። ኤክሴል ራሱ ይህን ከማድረጉ በፊት ያስጠነቅቃል። ይህን ምክር ያለ ማስጠንቀቂያ ለጀማሪ መስጠት አይገባም ነበር።

ከረንሲን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ፤ ከምክሮቻቸው ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ከረንሲ ቁጥሩን በ10,000 አባዝቶ በሙሉ ቁጥር ይይዘዋል፤ ስለዚህ 0.1 በልኩ 0.1 ነው፣ አሥር ጊዜ ቢደመርም በልኩ 1 ነው። ግን አራት ቤት ብቻ አለው። ደግሞም ከረንሲ ለከረንሲ ሲካፈል ውጤቱ ደብል ነው፤ ማካፈል ባለበት ሁሉ ወደ ሸሸነው ነገር ተመልሰናል።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ። ሴሉ በገንዘብ ቅርጸት ከተዘጋጀ፣ ማክሮው ቫልዩ በተባለው የተለመደ የሴል ማንበቢያ ሲያነበው ቁጥሩን ከረንሲ አድርጎ ነው የሚያመጣው። የነጠላ ዋጋው 0.00347 የሆነ ነገር አለ እንበል። በቫልዩ ሲነበብ 0.0035 ይሆናል። በ200,000 ሲባዛ 694 መሆን የነበረበት 700 ይመጣል። ራውንድ የለም፣ ሲኢንት የለም፤ ያጠጋጋው ሴሉን ለማሳመር የተመረጠው ቅርጸት ነው። ቫልዩ2 ብሎ ማንበብ ይህን ያስቀራል፤ ያለውን ደብል እንዳለ ያመጣዋል። እኔ ቁጥር ከሴል ሳነብ ከቫልዩ2 በቀር አልጠቀምም። ከአራት ቤት በላይ ለሚያስፈልገው ሥራ ደግሞ እስከ 28 የአስርዮሽ ቤት የሚይዘው ዴሲማል አለ፤ ለብቻው አይታወጅም፣ ማንኛውንም ዓይነት በሚይዘው ቫሪያንት ውስጥ ሲዴክ በተባለው ቀያሪ ነው የሚፈጠረው።

የቀረው በየደረጃው አጠጋጉ የሚለው ነው። ይህ ምክር ከእውነቱ ፊቱን ያዞረ ነው፤ እያንዳንዱ ማጠጋጋት መረጃ ይጥላል፣ የተጣለው ደግሞ ይደመራል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1982 ከ1000 የተነሳው የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ ጠቋሚ በኖቬምበር 1983 ወደ 520 ገደማ ወርዶ ነበር። ገበያው ግን አልወደቀም፤ ጠቋሚው በየግብይቱ ሲሰላ ከሦስተኛው የአስርዮሽ ቤት በኋላ ያለው ይቆረጥ ነበር። ሲታረም ከ1098 በላይ ሆኖ ተገኘ። ያ መቁረጥ እንጂ ማጠጋጋት አልነበረም ቢባል እውነት ነው፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚጥል ጉዳቱ ከፍቷል። ነገር ግን በየደረጃው የሚጥል ስሌት ሁሉ ከዚህ ዘመድነት አያመልጥም።

ትንሽ ምሳሌም ይበቃል። ዋጋቸው 1.10 የሆኑ ሦስት ዕቃዎች ላይ 12 በመቶ ይታሰብ። በየዕቃው 0.132 ይመጣል፤ ሲጠጋጋ 0.13፤ ሦስቱ 0.39። በድምሩ በ3.30 ላይ ሲታሰብ ግን 0.396 ነው፤ ሲጠጋጋ 0.40። ሁለቱም የሚሠራባቸው መንገዶች ናቸው፤ የትኛው ይሁን የሚለውን ውሉ ወይም ሕጉ ይናገራል። ማክሮው የተባለውን መንገድ መከተል አለበት፤ ማጠጋጋቱም ውሉ በሚለው ቦታ ብቻ ይሁን፣ ከዚያ በፊት ቁጥሩ ሙሉ ይዘቱን ይዞ ይጓዝ።

ጸሐፊው ያልነኩት፣ እኔ ግን ደጋግሞ የገጠመኝ ደግሞ ማከፋፈል ነው። 100 ለሦስት ሰው ሲካፈል እያንዳንዱ 33.33 ቢሰጠው 99.99 ነው፤ 0.01 የት ሄደ? ብዙ ማክሮ ጸሐፊዎች ልዩነቱን በእጅ የመጨረሻው ሰው ላይ ይጭናሉ፤ ሰዎቹ ሦስት መቶ ከሆኑ ግን የመጨረሻው ሰው የማይገባውን ይሸከማል። የተሻለው እያንዳንዱን ድርሻ ሳይሆን እስከዚያ ሰው ድረስ ያለውን ድምር ማጠጋጋት ነው። የመጀመሪያው ድምር 33.33፤ የሁለተኛው 66.67፤ የሦስተኛው 100። እያንዳንዱ ሰው የሚያገኘው ቀዳሚው ድምር ከእርሱ ድምር ሲቀነስ የሚቀረውን ነው፦ 33.33፣ 33.34 እና 33.33። ምንም አልጠፋም፣ ማንም ከ0.01 በላይ አልተጎዳም፣ ሰዎቹ ስንትም ቢሆኑ ይሠራል።

ጸሐፊው ማክሮውን እንደገና ከማስኬዳቸው በፊት አንድ ባዶ ሺት ላይ እነዚህን ቁጥሮች እንዲሞክሩበት እጠይቃቸዋለሁ፦ 0.5፣ 1.5፣ 2.5፣ -2.5፣ 1.005፣ እንዲሁም 0.29 በ100 ተባዝቶ። ከጎናቸው መሆን ያለበትን መልስ በእጅ ይጻፉ፤ ማክሮው የሚመልሰው ከዚያ ጋር ይነጻጸር። እኔ ከዚያች ሠራተኛ በኋላ ይህን ሺት ያላስቀመጥኩበት ማክሮ የለም። የደመወዙ ማክሮም የመጀመሪያ መስመሩ ላይ የትኛውን የማጠጋጋት ደንብ እንደሚከተልና የት ላይ እንደሚያጠጋጋ ተጽፎበታል። የትርፍ ሰዓቱንም የሚይዘው በደቂቃ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል 150 ሆኖ ሎንግ ውስጥ ይገባል፣ 150 ሆኖም ይወጣል።